ቡድኖቻችን ለምን በሐምሌ ይፈርሳሉ?

ሐምሌ በምዕራብ ጎጃም ፋታ የሌለበት ወር ነው። ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል እስከ ቡሬ በሚዘልቀው ለም አገር በቆሎው ይኮተኮታል፣ የጤፉ ማሳ ተደጋግሞ ታርሶ ለዘር ይሰናዳል፣ የበርበሬው ችግኝ ከመደቡ ተነቅሎ ማሳ ላይ ይተከላል። በዚያው ወር የኳስ ሜዳውን ጭቃ ይውጠዋል፤ ሊጉም ዋንጫውን ሰጥቶ ስለተበተነ ለተመልካች የዓመቱ ኳስ ያበቃ ይመስለዋል። ለክለብ ኃላፊዎችና ለአሠልጣኞች ግን ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ማን ውሉን ያድሳል፣ ማን ይሰናበታል፣ አጥቂ ከየት ይመጣል፣ ግብ ጠባቂው ቢሄድ ማን ይተካዋል የሚለው ሁሉ የሚወሰነው ዝናቡ ሳያባራ ነው። በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ቡድንን መጠገን ነው፤ በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ቡድኑን አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ይሆናል። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የተጫዋች ገንዘብ መውደድና የደላላ ተንኮል ነው። እኔ የምከራከረው ሌላ ነገር ነው። ቡድኑ በየዓመቱ የሚፈርሰው ተጫዋቹን የሚያበላው አካል በየዓመቱ ሒሳቡን ስለሚዘጋ ነው። ነገሩም ትናንት የመጣ አይደለም። በዚህ አገር የአንድ ቡድን ዕድሜ፣ የተጫዋቹን እንጀራ የሚሰጠው ወገን በሚቆጥረው ዘመን ሲለካ ኖሯል።

ከእግር ኳስ በፊት የነበረውን የገና ጨዋታ እናንሣ። ጫፉ የተቆለመመ ዱላና ሩር፣ ሰፊ መስክ፣ ሁለት ወገን፤ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ጨዋታው የሚደምቀው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ ቀኑ በዓል በመሆኑ ብቻ ሳይሆን የጎጃም ገበሬ እህሉን አጭዶ የከመረበት፣ አውድማው የደረሰበት ወቅት በመሆኑም ጭምር ነው። ወገን የሚለየው በአጥቢያ፣ በመንደር፣ በላይና በታች ሰፈር ነበር። በዚያ ቀን ጌታውና ሎሌው በአንድ መስክ ይጋፋሉ፤ ዱላ ያረፈበትም አይቆጣም። ተጫዋቹን የሚያበላው የራሱ ጎተራ ስለሆነ የሚያባብለውም ሆነ የሚያሰናብተው አለቃ የለበትም። ከታችኛው ሰፈር ወደ ላይኛው ሰፈር ሊሻገር የሚችለው ቤቱን ሲያዛውር ወይም ሲያገባ ነው። ቡድኑ ለአንድ ቀን ብቻ ተሰልፎ ማታውኑ ይበተናል፤ በዓመቱ ግን ያው ሰው ያንኑ ሰፈር ይዞ ይመለሳል። የአንድ ቀን ቡድን ዕድሜ ልክ የሚጸናው ከመሬትና ከአጥቢያ ጋር ስለተሳሰረ ነው።

እግር ኳስ በከተማ ሥር ሲሰድም መጀመሪያ የያዘው ይህንኑ መልክ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው በአራዳ ልጆች ነው። በ1936 ዓ.ም. ሊግ ሲጀመር ከእርሱ ጋር የተሰለፉት የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። እያንዳንዱ ቡድን የአንድ ማኅበረሰብ ቤት ነበር ማለት ነው። አርመኑ ለግሪኮች የሚጫወትበት ምክንያት አልነበረውም። ይድነቃቸው ተሰማ የተጫዋችነት ዘመናቸውን በሙሉ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ ሲፈጽሙ በዘመኑ እንደ ልዩ ታማኝነት የሚቆጠር አልነበረም፤ የአራዳ ልጅ ሌላ የሚሄድበት ቤት አልነበረውም። የመጀመሪያው ዘመን ቡድን ክረምት ቢመጣም የማይፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘብ ስላልነበረ ተጫዋቹን የሚያበላው ቤተሰቡ ወይም ሌላ ሥራው ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የአሠሪዎች ዘመን ነው። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ክለብ በ1950ዎቹ ተደጋጋሚ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከአስመራ ክለቦች ወጥቶ ለእርሱ ተጫውቷል። ስለዚህ ዝውውር ያን ጊዜም ነበር፤ የነበረው ግን በሌላ ሕግ ነው። ወንጂ ስኳር፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ መድን፣ ባንኮች፣ መብራት ኃይል፣ የጦሩ መቻል፣ የፖሊሱ ኦሜድላ፤ እነዚህ ሁሉ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። በደርግ ዘመን ቅዱስ ጊዮርጊስ ሳይቀር የቢራ ፋብሪካውን ስም ይዞ ተጫውቷል። እዚህ ላይ ጎጃም ሩቅ ብትመስልም በነገሩ ውስጥ አለች። ኦሜድላ የሚለው ስም በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ የገቡበት የድንበር ቦታ ነው፤ ከዚያ የተነሣው ጉዞ ነው በበላያ በኩል ወደ ቡሬ ወርዶ እስከ ደብረ ማርቆስ የዘለቀው፤ ፍኖተ ሰላምም ስሟን ያገኘችው በዚያ ጉዞ ነው ይባላል። መብራት ኃይልም ቢሆን በ1950ዎቹ አጋማሽ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ የኃይል ማመንጫ ተክሎ ለባሕር ዳር መብራት የሰጠው መሥሪያ ቤት ነው፤ ክለቡ በአዲሱ ብሔራዊ ሊግ በ1990 እና በ1993 ዓ.ም. ዋንጫ አንሥቷል።

የመሥሪያ ቤት ተጫዋች ማለት የመደብ ቁጥር ያለው፣ ስሙ በደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ከመጋዘን ሠራተኛውና ከጸሐፊው ጎን የሰፈረ ሰው ማለት ነው። ጠዋት ይፈርማል፣ ከሰዓት ይለማመዳል፤ ጉልበቱ ሲደክም ጫማውን ሰቅሎ እዚያው ቢሮ ወይም ፋብሪካ ይቀራል፣ ጡረታም አለው። ወደ ሌላ ክለብ ለመሄድ ሲፈልግ ደግሞ መልቀቂያ ያስፈልገዋል። ይህች ወረቀት የዘመኑን እግር ኳስ በአንድ ገጽ ትናገራለች፤ ከላይ ቁጥርና ቀን፣ መካከሉ ላይ ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ መልቀቁንና ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ሁለት ሦስት መስመር፣ ከታች ክብ ማኅተምና ፊርማ፣ ግልባጭ ለሰው ኃይልና ለፋይናንስ። አለቃው ካልፈረመ ተጫዋቹ አይሄድም። ብዙ ጥሩ ተጫዋች በዚህ ወረቀት ምክንያት ወጣትነቱን ያባከነ በመሆኑ ያን ዘመን መልሰን እንናፍቀው አልልም። ቡድኑ ግን ይጸና ነበር፤ ምክንያቱም አሠሪው በጀቱን በየዓመቱ ቢዘጋም ሠራተኛው ሰኔ 30 ላይ ሠራተኛ መሆኑ አያበቃም።

ለውጡ የመጣው ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ሊጉ አገር አቀፍ ሆኖ ሲዋቀር ከተሞች ወደ መድረኩ ገቡ። ሐዋሳ ከነማ በ1996 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ውጪ በአዲሱ ሊግ ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ክለብ ሲሆን የየከተማው ምክር ቤት ዐይን ተከፈተ። ከተማ ግን ፋብሪካ አይደለም፤ የሚቀጥርበት የሥራ መደብ የለውም፤ ለተጫዋቹ የሚሰጠው ውልና ብር ብቻ ነው። ብሩ ደግሞ የመንግሥት በጀት ነው፣ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ውሉም ይህንኑ ልክ ይዞ ተሰፋ፤ አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት። አሁን የክረምቱን ሥራ ቅደም ተከተል ተመልከቱት። ሰኔ ላይ የአብዛኛው ተጫዋች ውል ያልቃል። ከሐምሌ መባቻ ጀምሮ የክለቡ ቦርድ ምክር ቤቱ የሚያጸድቀውን በጀት ይጠብቃል። አሠልጣኙም ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት ሰው ነውና የእርሱ ውል ሳይታደስ ተጫዋች መምረጥ አይችልም፤ አዲስ ከመጣ ደግሞ የሚያውቃቸውን ልጆች ይዞ ይመጣል። በጀቱ ሐምሌ አጋማሽ ወይም ነሐሴ ላይ ሲለቀቅ፣ ተጫዋቹ ቀድሞ ገንዘብ ለተለቀቀለት ክለብ ፈርሟል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ የሚገዛው የሚያስፈልገው ሳይሆን የቀረው ነው። ጳጉሜን ላይ ቅድመ ውድድር ዝግጅት ሲጀመር፣ ስም ለመተዋወቅ ብቻ ሳምንት ይሄዳል።

ውጤቱ በሊጉ ሠንጠረዥ ላይ ተጽፏል። ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ። በዚያው ክረምት አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄዶ በማግሥቱ ዓመት ዋንጫውን ለመቐለ አመጣ። ጅማ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኖ በ2011 ዓ.ም. ወረደ። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2015 ዓ.ም. አድጎ በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ከታች ያደገ ቡድን በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ ሲያነሣ በሌላ አገር እንደ ተአምር ለትውልድ የሚወራ ነው፤ በእኛ አገር በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሆነ። ሊጉ ለሁሉም ክፍት መሆኑን የሚያሳይ መልካም ምልክት ነው የሚል አለ። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ድል የማነበው በሌላ መንገድ ነው። አዳጊው ክለብ ሻምፒዮን የሚሆነው ነባሮቹ ክለቦች ነባር የሚያሰኛቸውን ነገር፣ አብሮ የኖረ ቡድንን፣ በክረምት ስለሚያጡት ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዜሮ በሚጀመር ሩጫ ቀድሞ ብር የያዘው ያሸንፋል፤ በማግሥቱም ቀድሞ የያዘው ሌላ ይሆናል።

የገንዘብ ፍቅር ነው የሚለውን ተቃውሞ በቁም ነገር ልውሰደው፤ የሚሰነዝሩት ሰዎች ዋዛ አይደሉም። የተጫዋች ክፍያ ከሜዳ ገቢ ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ሆኖ መናሩ እውነት ነው፤ ከአንድ ልጅ ፊርማ ብዙ እጅ ተካፋይ መሆኑም በአደባባይ ሲነገር ኖሯል። ፌዴሬሽኑና ክለቦች ይህንኑ ብለው በ2011 ዓ.ም. የወር ደመወዝ ጣራ 50,000 ብር እንዲሆን ወሰኑ። ጣራው ግን ፍልሰቱን አላቆመውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጣራው የነካው መጠኑን እንጂ ጊዜውን አልነበረም። በሁሉም ክለብ እኩል 50,000 የሚከፈል ከሆነ፣ የአንድ ዓመት ውል ያለው ልጅ ባለበት የሚቆይበት ተጨማሪ ምክንያት አላገኘም፤ እንዲያውም ልዩነቱ ከውል ውጪ በሚሰጥ ነገር እንዲሆን በር ተከፈተ፤ በስውር ይከፈላል የሚለው ቅሬታም ከዚያ ወዲህ ጸንቶ ተሰማ። ደላላውም ቢሆን የክፍተቱ ልጅ እንጂ አባቱ አይደለም። ውል በየዓመቱ የሚያልቅበት አገር የሚያገናኝ ሰው በየዓመቱ ይፈልጋል። ተጫዋቹን በተመለከተ ደግሞ ፍርዳችን ይበልጥ ያዳላል። ደመወዙ ለወራት የሚዘገይበት፣ ጉልበቱ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የሚነጥፍ፣ እንደ ድሮው የፋብሪካ መደብና ጡረታ የሌለው ሰው በሐምሌ የተሻለ ቢጠራ መሄዱ ነውር አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ዝውውር የዓለም ሁሉ ጠባይ ነው የሚል ነው። በእርግጥ ነው፤ ግን ሌሎቹ እንዴት እዚያ ደረሱ? አሜሪካኖች ቤዝቦል በሚሉት በዱላና በኳስ በሚካሄድ ጨዋታቸው የክረምቱን የተጫዋች ገበያ ራሱን የቻለ ጥበብ አድርገውታል፤ ውድድሩ በጥቅምት መጨረሻ ግድም ሲያበቃ የክለብ ሹሞች የአርባ ሰው መዝገብ ዘርግተው ማንን እንደሚይዙና ማንን በማን እንደሚለውጡ ያሰላሉ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥም ተሰብስበው ይደራደራሉ። እነርሱ የጀመሩት ግን ከእኛ ፍጹም በተቃራኒ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1879 ጀምሮ ክለቦች ተጫዋቹን ውሉ ቢያልቅም ለሌላ እንዳይፈርም የሚያስረውን ደንብ አወጡ፤ የእኛ መልቀቂያ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ለዘብ ያለ ነው። ኩርት ፍለድ የተባለው ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1969 ከሴንት ሉዊስ ወደ ፊላደልፊያ ሳይጠየቅ ሲሰጥ አልሄድም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ፤ በ1972 ተረታ። ደንቡ የተሰበረው በ1975 በገላጋይ ዳኛ ውሳኔ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወደ አንድ ዓመት ውል አልዘለሉም፤ ተጫዋቹ በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት ሲያገለግል ነፃ እንዲሆን ተስማሙ። ይህች ስድስት ዓመት ናት ክረምታቸውን ዕቅድ ያደረገችው። ሹሙ ገና ሦስት ዓመት የቀረውን ተጫዋች ለሌላ ክለብ ሰጥቶ በምትኩ ሁለት ታዳጊ ይቀበላል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው በእጁ ጊዜ ስላለ ነው። የእኛ ክለብ ሐምሌ ላይ የሚለውጠው ነገር የለውም፤ የነበረው ሁሉ ሰኔ 30 ላይ አልቋል።

ታዲያ የበጀት ዓመቱ ይህን ያህል ጉልበት ካለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. አራት ዋንጫ በተከታታይ እንዴት አነሣ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ይህ ጥያቄ ክርክሬን የሚያጠናክር ነው፤ ጊዮርጊስ የከተማ አስተዳደር በጀት ጠባቂ አይደለም፤ የራሱ ደጋፊና ባለሀብት ስላለው ሰኔና ሐምሌ ለእርሱ ተራ ወራት ናቸው። የሚከብደው የፋሲል ከነማ ምሳሌ ነው። ፋሲል የከተማ ክለብ ነው፤ ሆኖም በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን ለጥቂት አጥቶ ሁለተኛ ሆነ፣ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን ተፎካከረ። ለእነዚያ ዓመታት የቡድኑን አከርካሪ ይዞ መቆየቱ ነው ያበቃው፤ ያስቻለውም የጎንደር ደጋፊ ከበጀቱ ውጪ የሚያዋጣው ገንዘብና ከአንድ ዓመት የዘለለ ውል ነው። ስለዚህ የከተማ ክለብ መሆን ብቻውን እርግማን አይደለም፤ በከተማ በጀት ብቻ መኖር ነው። እዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የቴሌቪዥን ውልና ጨዋታዎችን በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ማካሄድ በአንድ በኩል ብር ሲያመጣ በሌላ በኩል ክለቡን ከገዛ ሜዳው አርቆታል። ባሕር ዳር ከነማ በ2010 ዓ.ም. አድጎ፣ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ፣ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም ሲያስወጣ፣ የራሱ ሕዝብ በራሱ ከተማ ሊያየው አልቻለም። ትኬት የማይቆርጥ ደጋፊ ደግሞ በሐምሌ የበጀቱን ጉድለት የሚሞላበት መንገድ ይጠበዋል።

የምዕራብ ጎጃም ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሰፈር ለሰፈር፣ ቀበሌ ለቀበሌ የክረምት ውድድር የማዘጋጀት ልማድ አለ። ዋንጫው ትንሽ ነው፤ ሜዳው ረግረግ ነው፤ ዳኛው የአካባቢው መምህር ሊሆን ይችላል። ወገን የሚለየው እንደ ገናው ጨዋታ በሰፈር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ወጣትም በሜዳ መሰብሰብ ሲያሰጋው፣ ይህ ልማድ ክፉኛ ተጎድቷል፤ እርሱን ያጣ ወጣት ችሎታው የት እንደሚታይ አላውቅም። ከዚህ ሜዳ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር ተስፋ ቡድን፣ ከዚያም ወደ ሊጉ የሚያልፍ ልጅ ሲኖር ግን ያሳደገው ሜዳ የሚያገኘው ነገር የለም። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊፋ ደንብ ተጫዋች በውሉ መካከል በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ያዝዛል። ልጁ ግን ከአገር ሳይወጣ ከክለብ ክለብ ሲዞር ይህ ደንብ አይደርስለትም፤ ደግሞም ውሉ ሰኔ ላይ ያለቀ ልጅ በነፃ ስለሚሄድ ከየትኛውም ገንዘብ ላይ 5 በመቶ ሊነሣለት አይችልም።

የዚህ መፍትሔ ከዚሁ አካባቢ ሊጀመር ይችላል። የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና በከተማዋ የተተከለው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ሰፊ ጉልበት በአንድ ስፍራ ሰብስበዋል፤ የድሬዳዋ ጥጥ በዘመኑ ክለብ የሆነው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነበር። የፋብሪካ መደብ ይዞ የሚጫወት ቡድን ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይመለስ ማለት አይቻልም፤ ከጨዋታው ፍጥነት ጋር አይሄድም። ለታዳጊው ግን ይሄዳል። ከ17 እስከ 20 ዓመት ያለ ልጅ እየሠራ ወይም እየተማረ፣ የሦስት ዓመት ውል ይዞ ቢያድግ፣ ትልቁ ክለብ ሐምሌ ላይ ሲመጣ ከልጁ ጋር ብቻ ሳይሆን ካሳደገው ቤት ጋርም ይነጋገራል፤ የሚከፈለውም ብር ኳስ፣ ማልያና የአሠልጣኝ አበል ሆኖ ወደ ፍኖተ ሰላም ይመለሳል። የከተማ ምክር ቤቶችም ለክለብ የሚመድቡትን ገንዘብ እንደ መንገድና እንደ ትምህርት ቤት ግንባታ የብዙ ዓመት ዕቅድ አድርገው ቢይዙት፣ አሠልጣኙ በጀት እስኪጸድቅ ሳይጠብቅ ሚያዝያ ላይ የዋና ተከላካዩን ውል ማደስ ይችላል።